የጉም ባሕርን በንጋት ለማየት፦ ከዋዜማው እስከ ቁልቁለቱ ዝርዝር መመሪያ

ሸለቆው በነጭ ጉም ተሞልቶ፣ ኮረብቶቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው፣ ፀሐይ ከዚያ ሁሉ በላይ ስትወጣ ማየት የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። የሚሳካለት ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው አላርም ሞልቶ፣ በጨለማ ተነሥቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ወይ ባዶ ሸለቆ ያያል፣ ወይ ደግሞ ራሱ ጉሙ ውስጥ እንደቆመ ይነጋበታል። ከዚያ "ዕድል ነው" ብሎ ይመለሳል።

ዕድል አለበት፣ አልክድም። ነገር ግን ትልቁ ሥራ የሚያልቀው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ተራራውን ከመምረጥ ይልቅ ሌሊቱን መምረጥ ይበልጣል። ዝነኛ ተራራ ላይ በማይሆን ሌሊት ከመውጣት፣ ማንም የማያውቃት ኮረብታ ላይ በትክክለኛው ሌሊት መገኘት ይሻላል። የሚከተለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ጉሙ ከየት ነው የሚመጣው?

ይኼን ክፍል አትዝለሉት። የጉሙን ጠባይ ካላወቃችሁ ትንበያውን ብታነቡም አይገባችሁም።

ሰማይ ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። ሙቀቱን መልሶ የሚያወርድ ደመና የለም። መሬቱ ሲበርድ ከላዩ ያለው አየርም ይበርዳል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ በተራራው ጎን ቀስ እያለ ይወርድና ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ወንዝ ወይም ሐይቅ ወይም የራሰ ማሳ ካለ አየሩ እርጥብ ነው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ቅዝቃዜው አንድ ደረጃ ላይ ይደርስና እንፋሎቱ ወደ ውሃ መለወጥ ይጀምራል። ያ የሙቀት ደረጃ የጤዛ ነጥብ ይባላል። ይኼን ስም ያዙት፣ በኋላ ትንበያ ስናነብ እንፈልገዋለን።

የጉም ጠብታ በጣም ትንሽ ናት፤ ስፋቷ የ1 ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ አካባቢ ነው። 1 ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተጠራቅሞ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ግራም አይሞላም። ያ ሸለቆ ሙሉ ነጭ ነገር፣ ቆማችሁ የምትደነቁበት፣ ይህችን ከምታህል ውሃ ነው የተሠራው።

ባሕር የሚያስመስለው ደግሞ ከላዩ ያለው አየር ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን 1000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛው ከታች፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆናል። ሞቅ ያለው አየር እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይገጥመዋል፣ ጉሙም ከዚያ አልፎ መውጣት አይችልም። አናቱ ያን ያህል የተስተካከለው ለዚህ ነው። ክዳኑ በጠነከረ ቁጥር ባሕሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሲላላ ደግሞ የተበጣጠሰ፣ እዚህም እዚያም የሚነሣ ጉም ነው የምታዩት።

ሁሉም የጉም ባሕር ግን እንዲህ በሌሊት ሸለቆ ውስጥ የሚወለድ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ከታማልፓይስ ተራራ ላይ በአገሩ በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የሚታየው ከቀዝቃዛ ውቅያኖስ ላይ ተነሥቶ ወደ ምድር የሚገባ ጉም ነው፤ የሚመጣው ከነነፋሱ ነው። ቴኔሪፌ ደሴት ላይ 3715 ሜትር ከሚደርሰው ከቴይዴ ተራራ ሥር የሚተኛው ደግሞ ነፋስ ከባሕር እየገፋ የሚያመጣው ዝቅተኛ ደመና ነው፤ ቀኑን ሙሉም ሊቆይ ይችላል። የስዊዘርላንድ ቆላማው ክፍል በመኸርና በብርዱ ወራት ለቀናት ሳይገለጥ የሚቆይ ጉም ያለብሰዋል፤ ሰዉም ፀሐይ ፍለጋ ወደ ተራራ ይወጣል። እናንተ ልትሄዱበት ያሰባችሁት ቦታ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። ባሕር ዳርቻ ከሆነ የነፋሱን አቅጣጫ ነው የምትከታተሉት። ሸለቆ ከሆነ ግን ነፋስ ጠላታችሁ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በዋናነት ስለ ሸለቆው ዓይነት ነው፤ በብዙ አገር የሚገኘው እሱ ስለሆነ።

ቦታ መምረጥ

ከፍታ ሲባል ሰው የሚያስበው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ግን ያ ቁጥር ብዙም አይጠቅማችሁም። ዋናው ከሸለቆው ወለል ስንት ሜትር ከፍ ብላችኋል የሚለው ነው። ጃፓን ውስጥ የታኬዳ ግንብ ፍርስራሽ ያለበት ተራራ 353 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሥሩ ግን የማሩያማ ወንዝ አለ፤ በመኸር ማለዳ ከወንዙ አካባቢ የሚነሣው ጉም ዙሪያውን ሲሞላው ግንቡ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

የሸለቆ ጉም ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት አስር ሜትሮች እስከ 200 ወይም 300 ሜትር ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ወለል ከ300 እስከ 500 ሜትር ከፍ የሚል ቦታ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ ዝቅ ካላችሁ ጉሙ ሊውጣችሁ ይችላል። በጣም ከፍ ካላችሁ ደግሞ ይርቅባችኋል፤ ሞገዱ፣ የዛፉ ጫፍ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ የሚንሸራተተው ነገር ሁሉ ይጠፋና አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። እኔ ቢጠይቁኝ ቅርቡን እመርጣለሁ። ጥቂት የመዋጥ አደጋ ቢኖረውም ቅርቡ ይበልጣል።

ካርታ ላይ እነዚህን ፈልጉ፦

- ሥሩ ውሃ ያለበት፣ ዙሪያው የተዘጋ ወይም ጠበብ ያለ ሸለቆ። ቀዝቃዛ አየር የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ያስፈልጋል።
- መካከሉ ላይ አነስተኛ ኮረብቶች ወይም ሸንተረር ያሉበት። ጉሙ የሚያምረው የሚጋርደውና የሚገልጠው ነገር ሲኖር ነው።
- ከመመልከቻው በላይ የሚቀጥል መንገድ ያለው። ጉሙ ከጠበቃችሁት በላይ ከፍ ካለ እናንተም ከፍ ትላላችሁ። መንገዱ እዚያው የሚያልቅበት ቦታ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።
- ወደ ፀሐይ መውጫ የተከፈተ።

ስለ መጨረሻው ትንሽ ልጨምር። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሌሊትና ቀን እኩል ሲሆኑ ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። ምድር ወገብ አካባቢ ይኼ ልዩነት ወደ እያንዳንዱ ጎን 23 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከዚያ በራቃችሁ ቁጥር ይሰፋል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የታየ ፎቶ ላይ ፀሐይዋ በሁለት ኮረብቶች መካከል ከወጣች ዛሬም እዚያው ትወጣለች ማለት አይደለም። አቅጣጫውን በቀኑ ልክ የሚያሳዩ የስልክ አፖች አሉ፤ ተጠቀሙባቸው።

ከተቻለ ቦታውን በዋዜማው በቀን እዩት። የት እንደምትቆሙ፣ ገደሉ የት እንደሚጀምር፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚከፈል በብርሃን ማወቅ ሌሊት ላይ ግማሽ ጭንቀት ይቀንሳል። ሥሩ የሚኖሩ ሰዎችንም ጠይቁ። "ጉሙ ጠዋት እስከየት ይደርሳል?" በሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከደጃቸው ሲያዩት የኖሩ ሰዎች የትኛው ወር ላይ እንደሚበዛና የትኛውን ዛፍ ወይም ቤት እንደሚሸፍን በእጃቸው ጠቁመው ይነግሯችኋል። ይኼን የትኛውም አፕ አይሰጥም።

ሌሊቱን መምረጥ

ወሳኙ ይኼ ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀመጡና ትንበያውን በእርጋታ አንብቡ። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው።

አንደኛው ሰማይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ማለት አለበት። እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ያለ ደመና ከገባ መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ቅዝቃዜው ይቆማል፣ ጉሙም ይቀራል። የምሽቱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን የሰዓት በሰዓት ትንበያ ተመልከቱ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ካለፈ ቀዝቃዛውንና ሞቃቱን አየር ያደባልቀዋል። የሚገርመው፣ ፍጹም ጸጥ ማለቱም አይጠቅምም። አየሩ ጭራሽ ካልተነቃነቀ ውሃው ሣሩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ቅዝቃዜውን ከመሬት ትንሽ ከፍ የሚያደርግ፣ ቅጠል እንኳ የማያወዛውዝ ለስላሳ እንቅስቃሴ ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ባለፉት አንድ ሁለት ቀናት ዝናብ ዘንቦ ከዚያ ሰማዩ ከጠራ ደስ ይበላችሁ። ዝናብ ሲያባራ የሚመጣው የመጀመሪያው ጥርት ያለ ሌሊት ከሁሉም ይበልጣል። መሬቱ ርሷል፣ ሰማዩ ክፍት ነው። ለሳምንታት ከደረቀ ግን ወንዝ ወይም ሐይቅ ከሌለ ተስፋው ቀጭን ነው።

አራተኛው የጤዛ ነጥብ ነው። አብዛኛው የአየር ትንበያ አፕ ይኼን ቁጥር ያሳያል፤ ብዙ ሰው ግን አይቶት አያውቅም። የምሽቱን የጤዛ ነጥብ ያዙ። ከዚያ ሌሊቱ የሚደርስበትን ዝቅተኛ ሙቀት ተመልከቱ። ዝቅተኛው ሙቀት የጤዛ ነጥቡን የሚነካ ወይም ከእሱ በታች የሚወርድ ከሆነ ጉም ይጠበቃል። ለምሳሌ ምሽት ላይ የጤዛ ነጥቡ 9 ዲግሪ ሆኖ ሌሊቱ ወደ 7 የሚወርድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የጤዛ ነጥቡ 3 ሆኖ ሌሊቱ 8 ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ተኙ። ትንበያው የተሠራው ለሸለቆው ወለል መሆኑንም አረጋግጡ። የተራራው አናት ቁጥር እዚህ ላይ አይጠቅምም።

እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ሂዱ። ሦስቱ ከተሟሉና ቅርብ ከሆናችሁም ሂዱ። ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ግን ለሌላ ሌሊት ጉልበታችሁን ቆጥቡ። ሌሊት ላይ ስትነሡ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ደጅ ውጡና ቀና በሉ። ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው ከታዩ፣ ቆርቆሮው ወይም መኪናው ላይ ጤዛ ከተኛ፣ ፊታችሁን የሚመታ ነፋስ ከሌለ፣ ጫማችሁን እሰሩ።

ስንት ሰዓት መድረስ?

ፀሐይ ከመውጣቷ 1 ሰዓት በፊት ቦታችሁ ላይ ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። "ፀሐይ ስትወጣ እንደርሳለን" የሚሉ ሰዎች ከትዕይንቱ እኩሌታው ያመልጣቸዋል። ቀለሙ የሚጀምረው ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ሳለች ነው። ከአድማስ 6 ዲግሪ ዝቅ ብላ ሳለ ያለ ባትሪ መንገድ ማየት ይቻላል፤ 12 ዲግሪ ላይ ሳለች ደግሞ የሸንተረሮቹ ቅርጽ ከሰማዩ መለየት ይጀምራል። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ከ6 ዲግሪ እስከ መውጣቷ ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ቢያልፍ ትንሽ ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ርቃችሁ ስትሄዱ ጠመም እያለች ስለምትወጣ ይረዝማል።

ሌላም ነገር አለ። አፑ ላይ የሚታየው የፀሐይ መውጫ ሰዓት የተሰላው ለጥ ላለ አድማስ ነው። ከፊታችሁ ተራራ ካለ ትዘገያለች። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ፣ ቀጥ ብላ በምትወጣበት አገር እያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ያህል ያዘገያል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ስታነሡ ጡጫው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ፊት ለፊት ያለው ተራራ ግማሽ ጡጫ የሚያህል ከሆነ 20 ደቂቃ ገደማ ጨምሩ።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በቀን 1 ሰዓት የሚፈጀው ዳገት በጨለማ 1 ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ለዕረፍት ትንሽ ጨምሩበት። ሩጫ እንዳይሆን፤ የሮጠ ሰው በላብ ይደርሳል፣ በላብ የደረሰ ደግሞ ቁጭ ሲል ይንቀጠቀጣል።

ምን ይያዝ?

ብዙ አይደለም፤ ግን የሚያዘው በትክክል ይያዝ። ደረብ ደረብ ተደርጎ የሚለበስ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። አንድ ደረቅ ካናቴራ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደርጉት እሱን መቀየር ነው፤ ብርዱ ቢያስፈራም በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ የቀረውን ሰዓት ግን ያድናችኋል። ሣሩም ድንጋዩም የራሰ ስለሚሆን የሚቀመጡበት ወፍራም ነገር አትርሱ። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገር።

ብርሃንን በተመለከተ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከስልክ ይሻላል፣ ሁለቱም እጅ ነፃ ይሆናል። ቀይ ብርሃን ካለው ስትደርሱ ወደዚያ ለውጡት። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ነጭ ብርሃን ያንን ሁሉ ወዲያው ያጠፋዋል። እዚያ የተቀመጡ ሌሎች ሰዎች ካሉ ደግሞ ፊታቸው ላይ አታብሩ። ትርፍ ባትሪ ያዙ።

በጨለማ መውጣት

ብቻችሁን አትሂዱ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ጨርሳችሁ የማታውቁትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት አትሞክሩት፤ ገደል ያለበት ከሆነ በጭራሽ።

ከሸለቆው ስትነሡ ምናልባት ጉሙ ውስጥ ናችሁ። ግንባራችሁ ላይ ያለው ባትሪ ያኔ ያስቸግራል፤ ብርሃኑ ጠብታዎቹ ላይ እየተመታ ወደ ዓይናችሁ ይመለስና ከፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ይሠራል። መላው ቀላል ነው። ባትሪውን ከግንባራችሁ አውልቁና በወገባችሁ ትክክል ያዙት፣ ወደ መሬት አዘንብሉት፣ ኃይሉንም ቀንሱት። ወዲያው የድንጋዩ ጥላ ይታያችኋል፤ እግራችሁን የት እንደምታሳርፉ ታውቃላችሁ።

ዳገቱ ላይ የሆነ ቦታ ስትደርሱ ሽፋሽፍታችሁ ላይ የነበረው እርጥበት ይደርቃል፣ አየሩ ሞቅ ይላል፣ ቀና ስትሉ ከዋክብት አሉ። ከጉሙ ወጣችሁ ማለት ነው። እዚያ ላይ ቁሙና ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታ ያዙ። ይኼ ቁጥር የባሕሩ ወለል ነው። ታዲያ እዚያው አትቀመጡ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ሙቀት አየሩን ሲቀሰቅሰው ጉሙ ከመሳሳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይወፍራል፣ ይነሣልም። ስለዚህ ከወጣችሁበት ቢያንስ ከ50 እስከ 100 ሜትር ከፍ በሉ። ሰው በጨለማ ሁሉ ነገር አምሮለት ልክ ፀሐይ ብቅ ስትል የሚዋጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት እንደሚታይ

ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ አፍጥጦ ይጠብቃል። እናንተ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዙሩ። ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ፣ ከአድማሱ በላይ ሰማያዊ ግራጫ የሆነ ሰፊ መስመር ይታያል፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ሐምራዊ ቀይ። ያ ግራጫ መስመር የምድር ጥላ ነው። የቆማችሁባት ምድር ራሷ አየሩ ላይ የጣለችው ጥላ። ፀሐይ ወደ ላይ ስትመጣ ጥላው ዝቅ እያለ ይሄድና ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ጉሙ ተመለሱ። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ነው፣ ዝም ያለ ይመስላል። አንድ ነጥብ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከጉሙ ብቅ ያለች አንዲት ዛፍ ወይም የኮረብታ ጫፍ። ለ5 ደቂቃ እሷን ብቻ ተመልከቱ። ያኔ ጉሙ እንደሚንቀሳቀስ ታያላችሁ። ይመጣል፣ ግንዱን ይውጣል፣ ቅርንጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ይመለሳል። በሁለት ኮረብቶች መካከል ዝቅ ያለ በር ካለ ደግሞ ጉሙ በእሱ በኩል ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ሸለቆ ይፈስሳል፤ ወርዶ ወርዶ ታች ሲደርስ ይተናል። ይኼን ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን እዩ።

ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ የጉሙን አናት በአግድም ይመታዋል። እያንዳንዱ ሞገድ ጥላ ያወጣል፣ ጠፍጣፋ የመሰለው ነገር ሁሉ ጉብታና ጎድጓዳ እንዳለው ይታያል። ይኼ የሚቆየው በደቂቃዎች ነው። ፀሐይዋን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ወይም በካሜራ መመልከቻ ቀዳዳ ቀጥታ አትመልከቷት፤ ዓይን ይጎዳል።

አሁን ሰዉ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። እባካችሁ አትነሡ። ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ጀርባችሁን ስጧትና ከእግራችሁ በታች ያለውን ጉም ተመልከቱ። ቦታው ከፈቀደ ጥላችሁ ጉሙ ላይ ወድቆ ታዩታላችሁ፤ ግዙፍ ይመስላል፣ በጭንቅላቱም ዙሪያ ባለቀለም ክቦች ይኖራሉ። ጎን ለጎን ብትቆሙ እያንዳንዱ ሰው ክቡን የሚያየው በራሱ ጭንቅላት ጥላ ዙሪያ ብቻ ነው። ጥላው የብሮከን መንፈስ ይባላል፤ ስሙ ጀርመን አገር ካለው 1141 ሜትር ከሚደርሰው የብሮከን ተራራ ጋር ይያያዛል፤ በ1780 እ.ኤ.አ. ዮሐን ዚልበርሽላግ የተባለ ሰው ስለ እሱ ጽፏል። ከእሱ ሰፋ ያለ፣ ቀለም አልባ ነጭ ቅስት ካያችሁ ደግሞ የጉም ቀስተ ደመና ነው። ጠብታዎቹ በጣም ትናንሽ ስለሆኑ ቀለሞቹ ተደራርበው ነጭ ይሆናሉ።

ይኼን ያየ አንድ ወጣት ሕይወቱ ተቀይሯል። ቻርልስ ዊልሰን በ1894 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ቤን ኔቪስ ተራራ ላይ በነበረው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሲሠራ ፀሐይ በደመናና በጉም ላይ የምትሠራቸውን ክቦች አየ። ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ እነሱን በሰው ሠራሽ መንገድ ለመሥራት ሞከረ። ከዚያ ሙከራ የጥቃቅን ቅንጣቶችን መንገድ የሚያሳየው የደመና ሳጥን ተወለደ፤ በ1927 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። እሱ ፀሐይ ወጣች ብሎ ዕቃውን ቢሰበስብ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ፎቶ

አጭር ላድርገው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በዓይናችሁ እንድታዩ ነው የምፈልገው። በስልክ ወደ ፀሐይ ስታነሡ ብሩህ የሆነውን ቦታ ንኩና ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ነጭ ጉም ብቻ ስታነሡ ግን ካሜራው ግራጫ ያደርገዋል፤ ያኔ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሰፊውን ሁሉ በአንድ ፎቶ ለማስገባት ከመሞከር አንድ ሸንተረር ወይም ሦስት ዛፎች አቅርቦ ማንሣት ይሻላል። ሰው ወይም ዛፍ ካልገባበት የጉሙ ስፋት አይታወቅም። እንቅስቃሴውን ለማሳየት ስልኩን ትራይፖድ ላይ አቁሙና በየ3 ሰከንዱ እንዲያነሣ አድርጉ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን ከውስጥ ኪስ ያዙ። ሌንሱ ላይ አትተንፍሱበት። ስትመለሱ ወደ ሞቀ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ተዉት፤ አለዚያ ላቡ ይሞላዋል።

ጉሙ ከዋጣችሁ

ተስፋ ቶሎ አትቁረጡ። ቀጥታ ወደ ላይ ተመልከቱ። ሰማያዊ ቀለም ወይም የደበዘዘች የፀሐይ ክብ ከታየች የጉሙ አናት ቅርብ ነው፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ጥቂት ሜትር ከፍ በሉ፣ ካልሆነ ጠብቁ። ሁሉም ነገር እኩል ግራጫ ሆኖ ነፋስም ካለበት ግን እሱ ተራራውን የሸፈነ ደመና ነው፤ በቶሎ አይገለጥም። ገደል አጠገብ በጉም ውስጥ አትንቀሳቀሱ።

ከታች ጭራሽ ጉም ከሌለም ወዲያው አትመለሱ። ሌሊቱን ያልነበረ ጉም ልክ ሲነጋ፣ ቅዝቃዜው በሚጠነክርባት ሰዓት፣ ከወንዙ ላይ መነሣት ሊጀምር ይችላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

መውረድ

ጉሙ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከወጣች ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ይገለጣል። ከጠርዙ ነው የሚጀምረው፤ ፀሐይ የነካቻቸው ጎኖች መጀመሪያ ይገለጣሉ፣ መካከሉና ወንዙ ያለበት መጨረሻ። ጊዜ ካላችሁ እስኪያልቅ ቆዩ፣ ሲበጣጠስ የሚታየው ሌላ ትዕይንት ነው።

ቁልቁለቱ በጤዛ ይንሸራተታል፤ ሰው የሚወድቀውም ብዙውን ጊዜ ሲመለስ ነው፤ ደክሞታል፣ እንቅልፍም አለ። አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ ጎንበስ። መኪና የምትነዱ ከሆነ ሸለቆው ውስጥ ጉሙ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ብርሃኑ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል፤ በአጭሩ መብራት ሂዱ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ።

ቤት ስትደርሱ ከመተኛታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የምሽቱ የጤዛ ነጥብ፣ ሌሊቱ የደረሰበት ዝቅተኛ ሙቀት፣ ነፋሱ፣ ከጉሙ የወጣችሁበት ከፍታ። ባልተሳካ ሌሊትም ጻፉት። ጥቂት ጊዜ ከደጋገማችሁት የዚያን ሸለቆ ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ የትኛውን ሌሊት መተኛት፣ የትኛውን መነሣት እንዳለባችሁ ከትንበያው በተሻለ መናገር ትጀምራላችሁ።